የመርፌው ሒሳብ

በለንደን ወይም በበርሚንግሃም አንዲት እናት የስምንት ሳምንት ሕጻኗን ታቅፋ ወደ ቤተሰብ ሐኪሟ ክሊኒክ ስትሄድ ከኪሷ የምታወጣው ሳንቲም የለም። ነርሷ ትወጋለች፣ ሕጻኑ ያለቅሳል፣ ቀኑና የክትባቱ ዓይነት እናትየዋ ይዛው በመጣችው ቀይ ደብተር ላይ ይሰፍራል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ እናትየዋ አታየውም። ነርሷ ኮምፒዩተር ላይ የመዘገበችው ክትባት ለመንግሥት ይተላለፍና ክፍያ ሆኖ ወደ ክሊኒኩ ይመለሳል። ከ2021 ጀምሮ በእንግሊዝ የአብዛኞቹ ክትባቶች የመውጊያ ዋጋ አንድ ወጥ ሆኖ 10 ፓውንድ ከ6 ፔንስ ነበር። በኤፕሪል 2025 ደግሞ ለሕጻናት መደበኛ ክትባቶች ወደ 12 ፓውንድ ከ6 ፔንስ ከፍ ብሏል። (እዚህ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩ እንግዳ ሊሆን ይችላል። እኛ ዘንድ ክትባት የሚሰጠው በጤና ጣቢያ ወይም በጤና ኬላ ነው፤ የምትወጋው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም አንድ ልጅ ወጋች መቶ፣ የወር ደመወዟ ያው ነው። በብሪታንያ ግን የቤተሰብ ሐኪሞች ክሊኒክ የመንግሥት ንብረት አይደለም። ጥቂት ሐኪሞች በሽርክና የሚያስተዳድሩት፣ ሠራተኛ የሚቀጥርና ትርፍና ኪሳራውን የሚሸከም የግል ድርጅት ነው። ብሔራዊው የጤና አገልግሎት ከነዚህ ሸሪኮች ጋር ውል ይገባል። በውሉ ውስጥ ክትባት የተያዘበት መንገድ በየዘመኑ ተለዋውጧል፤ ለውጡም ማን እንደሚከተብና ማን እንደሚቀር ሲወስን ኖሯል።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ የገጠር ሐኪም ነው። ኤድዋርድ ጄነር በግሎስተርሺር፣ በርክሌይ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚሠራ ሐኪም ነበር። በሜይ 14 ቀን 1796 ሳራ ኔልምስ ከምትባል ላም አላቢ እጅ ላይ የላም ፈንጣጣ ፈሳሽ ወስዶ የአትክልተኛውን ልጅ፣ የስምንት ዓመቱን ጄምስ ፊፕስን ከተበው። ጄነር በግቢው ውስጥ በነበረች ጎጆ ድሆችን በነጻ ይከትብ ነበር። ሐኪሙ በነጻ ሲሠራ ግን የራሱ ገቢ መጓደሉ አይቀርም። ስለዚህ ፓርላማው በ1802 የ10,000 ፓውንድ፣ በ1807 ደግሞ የ20,000 ፓውንድ ሽልማት ወሰነለት። ለክትባት ከሕዝብ ካዝና ገንዘብ ማውጣት በብሪታንያ የተጀመረው እንዲህ በሽልማት መልክ ነው።

ሽልማት ግን አንድ ሰው ይክሳል እንጂ አገር አይከትብም። በ1840 የወጣው የክትባት ሕግ በየአካባቢው የድሆች መርጃ ቦርዶች ከሐኪሞች ጋር እንዲዋዋሉና ለተሳካ ክትባት ሁሉ ሒሳብ እንዲከፍሉ አደረገ። ዋናው ቃል «የተሳካ» የሚለው ነው። ሕጻኑ በሳምንቱ ተመልሶ ክንዱ ይታያል፤ ምልክቱ በትክክል ከወጣ ሐኪሙ ይከፈለዋል፣ ካልወጣ የለም። ያ የቀጠሮ ቀን ሌላም ጥቅም ነበረው፦ ከሕጻኑ ክንድ ላይ ፈሳሽ ተወስዶ ለቀጣዮቹ ሕጻናት መከተቢያ ይሆናል። ወላጆች ይህንን አጥብቀው ይጠሉት ነበር። የልጃቸው ቁስል ለሌላ ልጅ መገልገያ ሲሆን ማየት ማንን ደስ ያሰኛል?

ከዚህም ሌላ አገልግሎቱ ከድሆች መርጃ ጋር መያያዙ አሳፋሪ ነበር። ልጁን ያስከተበ ሰው እርጥባን እንደተቀበለ እንዳይቆጠር በማግሥቱ ዓመት፣ በ1841፣ ሌላ ሕግ ማውጣት አስፈለገ። በ1853 ክትባት ከተወለዱ በሦስት ወር ውስጥ ግዴታ ሆነ፤ በ1867 ቅጣቱ ጠነከረ። በዚያው የ1867 ሕግ መንግሥት ጥሩ ለሚከትቡ ሐኪሞች ከመደበኛው ክፍያ በላይ ጉርሻ እንዲሰጥ ተፈቀደ። ሐኪምን በውጤቱ መዝኖ መክፈል የዛሬ አስተዳዳሪዎች እንደ አዲስ ግኝት የሚያወሩለት ነገር ነው፤ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ግን በሥራ ላይ ነበር።

ግዴታው ግን አመጽ ወለደ። በማርች 1885 በሌስተር ከተማ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ሕጉን ተቃወመ። በ1898 ሕሊናቸው ያልፈቀደላቸው ወላጆች ነጻ እንዲወጡ ተፈቀደ፤ ከክንድ ወደ ክንድ ማስተላለፍም ተከለከለ። ግዴታው ፈጽሞ የቀረው ብሔራዊው የጤና አገልግሎት በተመሠረተበት በ1948 ነው። ከዚያ ወዲህ በብሪታንያ ሕጻናትን በሕግ አስገድዶ መከተብ የለም። መንግሥት ወላጁን ማስገደድ ሲተው የቀረው አማራጭ ሐኪሙን ማትጋት ነበር፤ የገንዘቡ ጉዳይ ይህን ያህል የከበደውም ለዚህ ነው።

ወደ ኋላ መለስ ስንል፣ በ1911 የገንዘብ ሚኒስትሩ ሎይድ ጆርጅ ያወጣው የመድን ሕግ ሠራተኞች ሐኪም ዘንድ እንዲመዘገቡ፣ ሐኪሙም በተመዘገበለት ሰው ልክ እንዲከፈለው አድርጓል። የሠራተኛው ሚስትና ልጆች ግን በመድኑ አልተካተቱም። ስለዚህ የሕጻናት ጉዳይ በማዘጋጃ ቤቶች ክሊኒኮች እጅ ወደቀ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጀምሮ ዘጊ አናዳን ያሸነፉትም በአብዛኛው እነሱ ናቸው። በ1940 በብሪታንያ ከ61,000 በላይ ሰዎች በዚህ በሽታ ታመው 3,283 ሞተዋል። በ1957 የታመሙት 38፣ የሞቱት 6 ብቻ ነበሩ።

ከ1948 በኋላም ክትባት የማዘጋጃ ቤቶች ኃላፊነት ሆኖ ቀጠለ። የቤተሰብ ሐኪሙ ከፈለገ ይከትባል፤ የመዝገብ ካርዱን ለማዘጋጃ ቤቱ ሲልክ ትንሽ ክፍያ ያገኛል። ክፍያው ለካርዱ ነበር ቢባል ይቀላል። ብዙዎቹ ሐኪሞች ሥራውን ለማዘጋጃ ቤት ነርሶች ትተውት ነበር። በዚህ መካከል የፖሊዮ ክትባት በ1956 ገባ፤ ወጣቶች ግን ችላ አሉት። በኤፕሪል 1959 የበርሚንግሃም ሲቲና የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተከላካይ ጄፍ ሆል በ29 ዓመቱ በፖሊዮ ሞተ። በሜዳ ላይ ሲሮጥ ያዩት የነበረ ጤነኛ ሰው ነበርና ወሬው አገሩን አናወጠው። በየክሊኒኩ ደጃፍ ረጅም ሰልፍ ተያዘ። የትኛውም ክፍያ ያላመጣውን ሕዝብ የአንድ እግር ኳስ ተጫዋች ሞት አመጣው።

ወሳኙ ለውጥ የመጣው በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው። የቤተሰብ ሐኪሞች ኑሮ አሽቆልቁሎ ነበር፤ ክሊኒኮቻቸው የተጎሳቆሉ፣ ረዳት የሌላቸው፣ በተመዘገበው ሕመምተኛ ቁጥር ብቻ የሚከፈልባቸው ነበሩ። በ1965 ወደ 18,000 የሚጠጉ ሐኪሞች ቀን ያልተጻፈበት የመልቀቂያ ደብዳቤ ለማኅበራቸው አስረከቡ። ማስፈራሪያው ሠራ። የጤና ሚኒስትሩ ኬኔዝ ሮቢንሰን ከሐኪሞቹ ተደራዳሪ ከጄምስ ካሜሮን ጋር ተቀምጠው በ1966 ሥራ ላይ የዋለውን የቤተሰብ ሐኪም ቻርተር አጸደቁ።

ቻርተሩ ሁለት ነገር አመጣ። አንደኛው፣ መንግሥት እንዲሠሩለት ለሚፈልጋቸው ሥራዎች፣ ክትባትንም ጨምሮ፣ በቁጥር የሚከፈል ተጨማሪ ሒሳብ ነው። ሁለተኛው ብዙም አይወራለትም፤ ለእኔ ግን ትልቁ እሱ ነው፦ ሐኪሙ ለሚቀጥራቸው ሠራተኞች ደመወዝ መንግሥት 70 በመቶውን እንዲሸፍን ተደረገ። በዚህ ገንዘብ ክሊኒኮቹ ነርስ መቅጠር ጀመሩ። መርፌው ቀስ በቀስ ከሐኪሙ እጅ ወደ ነርሷ እጅ ተሻገረ፤ ዛሬ በብሪታንያ በሐኪም የተከተበ ሕጻን ማግኘት ይቸግራል። በ1968 የኩፍኝ ክትባት ሲመጣም የሚወጋው ሰውና የሚከፈለው ሒሳብ ተዘጋጅተው ጠበቁት።

ገንዘብ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያስኬድ በ1974 ታየ። በዚያ ዓመት የትክትክ ክትባት አእምሮን ይጎዳል የሚል ጽሑፍ በሕክምና መጽሔት ወጣ፤ ቴሌቪዥንም አራገበው። ከሕጻናቱ 80 በመቶ ያህሉ ይከተቡ የነበረው በጥቂት ዓመታት ወደ 30 በመቶ አሽቆለቆለ። የመውጊያው ክፍያ አልተቋረጠም፤ የተጠራጠሩት ግን ወላጆች ብቻ አልነበሩም። ብዙ ሐኪሞች ራሳቸው አመነቱ፣ አንዳንዶቹም እናቶችን መከሩ፦ ይቅርብሽ። ከ1977 እስከ 1979 በነበረው ወረርሽኝ ከ100,000 በላይ ሰዎች በትክትክ ታመሙ። በ1979 መንግሥት በክትባት ክፉኛ ለተጎዱ ሰዎች የ10,000 ፓውንድ ካሳ የሚሰጥ ሕግ አወጣ፤ ዛሬ ካሳው 120,000 ፓውንድ ነው።

ሐኪሞቹ እስከ ዛሬ የሚያነሡት ግን የ1990ውን ውል ነው። የማርጋሬት ታቸር የጤና ሚኒስትር ኬኔዝ ክላርክ ሐኪሞቹ በድምጽ ያልተቀበሉትን ውል በግድ ጫነባቸው። ለሕጻናት ክትባት በቁጥር የሚከፈለው ቀረና ደረጃ ተተከለ። በየሩብ ዓመቱ በክሊኒኩ የተመዘገቡ የሁለት ዓመት ሕጻናት ይቆጠራሉ። ከነሱ 90 በመቶውን የከተበ ክሊኒክ ከፍተኛውን ክፍያ ያገኛል፤ ከ70 እስከ 90 ያለው የዚያን ሲሶ ያህል፤ ከ70 በታች የሆነ ምንም።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቀላል። ሃያ የሁለት ዓመት ሕጻናት ያሉትን ትንሽ ክሊኒክ እንውሰድ። ሁለት ቤተሰብ እምቢ ቢል 18ቱ ተከትበዋል፣ 90 በመቶ ነው፣ ሙሉ ክፍያ። ሦስተኛው ቤተሰብ እምቢ ባለ ቀን 85 በመቶ ይሆንና ክፍያው ወደ ሲሶ ይወርዳል። ነርሷ የሦስተኛይቱን እናት በር ሦስቴ አንኳኩታ፣ አስረድታ፣ ለምናም ከሆነ ልፋቷ አይቆጠርም። ወላጆች አውቀውና አስበውበት እምቢ ያሉባቸው ሕጻናት ከስሌቱ ይውጡልን ብለው ሐኪሞቹ ደጋግመው ጠይቀዋል፤ ለሕጻናት ክትባት ግን አልተፈቀደላቸውም።

የሽፋኑ ቁጥር አድጓል፣ ይህ አይካድም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለአብዛኞቹ ክትባቶች ከ90 በመቶ በላይ ደረሰ። ምስጋናው ግን የክፍያው ብቻ አይደለም። በ1988 የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባት መጥቷል፤ በ1990 መርሐ ግብሩ ተቀራርቦ በሁለት፣ በሦስትና በአራት ወር ሆኗል፤ ወላጆችን በደብዳቤ የሚጠሩ ኮምፒዩተሮችም ተስፋፍተዋል። የደረጃው ክፉ ጎን ግን ከክፍያው የመነጨ ነው። ቤተሰብ ቶሎ ቶሎ በሚለዋወጥበት፣ ስደተኛና ድሃ በሚበዛበት የከተማ ሰፈር የሚሠራ ክሊኒክ ከባድ ሥራ ሠርቶ 69 በመቶ ላይ ሲቀር ባዶ እጁን ይወጣል። ሁሉ ሰው የቤት ባለቤት በሆነበትና በተረጋጋበት የገጠር ከተማ ያለው ባልደረባው ብዙም ሳይለፋ ሙሉውን ይወስዳል። ገንዘቡ የሄደው ችግሩ ወዳልነበረበት ነው።

በ1998 አንድሩ ዌክፊልድ የተባለ ሐኪም በ12 ሕጻናት ላይ ተመሥርቶ ጥምር ክትባቱን ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ ጽሑፍ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሲያወጣ ሌላ ጣጣ ተከተለ። የተጨነቀች እናት ሐኪሟን ስትጠይቅ «ደህና ነው» ይላታል፤ እሷ ግን ሐኪሙ በዚህ ክትባት ገንዘብ እንደሚያገኝ በጋዜጣ አንብባለች። ሐኪሙ የተናገረው እውነት ነበር፤ ጽሑፉ በ2010 ተሰርዟል፣ ዌክፊልድም ከሕክምና ሙያ ተባርሯል። ነገር ግን ክፍያው በደረጃ መታሰሩ የሐኪሙን ምክር የሻጭ ቃል አስመሰለው። እምቢ በማለታችን ከሐኪሙ መዝገብ ተሰረዝን የሚሉ ወላጆች ቅሬታም ተሰማ። በ2003 እና 2004 የጥምር ክትባቱ ሽፋን በእንግሊዝ ወደ 80 በመቶ ወርዶ ነበር። ከዓመታት በኋላ፣ ከ2012 መጨረሻ እስከ 2013፣ ዌልስ ውስጥ በስዋንዚ አካባቢ በተነሣው የኩፍኝ ወረርሽኝ ከታመሙት መካከል ያኔ ሳይከተቡ የቀሩ ጎረምሶች ይገኙበታል።

እስካሁን የተወራው ስለ መውጊያው ክፍያ ነው። የሕጻናትን ክትባት ራሱን የሚገዛው መንግሥት ነው፤ ክሊኒኩ በኢንተርኔት ያዛል፣ በነጻ ይመጣለታል፣ በ2 እና በ8 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ማቀዝቀዣ ውስጥ ያኖረዋል። የአዋቂዎች የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ግን ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ላይ ሐኪሙ ነጋዴ ይሆናል።

ክሊኒኩ ለመጪው መኸር የሚያስፈልገውን ብዛት ወራት ቀድሞ ገምቶ ከአምራቾቹ በቀጥታ ያዛል። ብዙ ሲያዝ ቅናሽ ያገኛል። ክትባቱ ሲሰጥ መንግሥት መደበኛውን ዋጋ ይመልስለታል፤ በቅናሹና በመደበኛው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት የክሊኒኩ ነው፣ የመውጊያው ክፍያም ይታከልበታል። በ2000 ክትባቱ ዕድሜያቸው 65 ለሞላ ሁሉ እንዲሰጥ ሲወሰን ይህ ንግድ ለብዙ ክሊኒኮች ዋና የመኸር ገቢ ሆነ። ማቀዝቀዣው ውስጥ የተረፈው ግን ኪሳራ ነው፤ ቫይረሱ ይለዋወጣልና የዘንድሮው ክትባት ለከርሞ አይሆንም።

ንግድ ያለውን ጣጣ ሁሉ ሐኪሞቹ ቀምሰውታል። በኦክቶበር 2004 በሊቨርፑል የሚገኘው፣ ካይረን የተባለው ክትባት አምራች ፋብሪካ ፈቃድ በብክለት ምክንያት ታገደ። ትልቁ ምት ያረፈው በአሜሪካ ላይ ቢሆንም ከዚያ ያዘዙ የብሪታንያ ክሊኒኮችም ሌላ ሻጭ ፍለጋ ተሯሯጡ። ከ2015 መኸር ጀምሮ የሰፈር መድኃኒት ቤቶች በመንግሥት ክፍያ እንዲከትቡ ተፈቀደና ውድድር መጣ። ሐኪሙ ለሺህ ሰው አዝዞ ሁለት መቶው ገበያ ሲሄዱ መድኃኒት ቤት ተከትበው ይመለሳሉ። በ2018 ደግሞ ለአረጋውያን የተመረጠው ክትባት ከአንድ አምራች ብቻ ይመጣ ስለነበር በሦስት ዙር ተከፋፈለ፦ 40 በመቶው በሴፕቴምበር፣ 20 በመቶው በኦክቶበር፣ 40 በመቶው በኖቬምበር። ስንቱ አዛውንት ተሰልፎ በሁለተኛው ዙር ባዶውን እንደተመለሰ የክሊኒክ ስልክ ተቀባዮች ያውቁታል።

ከዚያ ኮቪድ መጣ። በዲሴምበር 8 ቀን 2020 በኮቨንትሪ ሆስፒታል የ90 ዓመቷ ማርጋሬት ኪናን የመጀመሪያውን ክትባት ወሰዱ፤ በሳምንቱ የቤተሰብ ሐኪሞች ጀመሩ። የፋይዘር ክትባት አንዱ ማሸጊያ 975 ሰው የሚከትብ ነበር፤ ከጥልቅ በረዶው ከወጣ በኋላ በተራ ማቀዝቀዣ የሚቆየው ለ5 ቀን ብቻ ነው። አንድ ክሊኒክ ይህን ብቻውን አይወጣውም። ነገሩን ያዳኑት በ2019 የተቋቋሙት፣ እያንዳንዳቸው ከ30,000 እስከ 50,000 ሰው የሚያገለግሉ የክሊኒኮች ኅብረቶች ናቸው። ጎረቤታሞች ክሊኒኮች ተባብረው በአዳራሽ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ ውስጥ ከተቡ። ክፍያው ለአንድ መርፌ 12 ፓውንድ ከ58 ፔንስ ነበር፤ ከቤት መውጣት ለማይችል ሰው ጭማሪ ታክሎበታል።

በ2021 የ1990ው የሕጻናት ደረጃ ቀረና በቁጥር መክፈል ተመለሰ፤ መቶ ሠማንያ ዓመት ዞሮ የ1840ው አሠራር መሆኑ ነው። ደረጃው ግን ጨርሶ አልጠፋም፤ ከጥራት ነጥቦች ጋር ተያይዞ በሌላ በር ገብቷል። የ2025ቱ የሁለት ፓውንድ ጭማሪም የመጣው ሽፋኑ ለዓመታት ሲንሸራተት ስለቆየ ነው። በ2023 እና 2024 በእንግሊዝ አምስት ዓመት ከሞላቸው ሕጻናት ሁለቱንም የጥምር ክትባት መርፌዎች የወሰዱት 83.9 በመቶ ብቻ ናቸው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈልገው 95 ነው። ለንደን ከአገሪቱ አማካይም ዝቅ ትላለች። ሁለት ፓውንድ ለተከተበው ልጅ የሚከፈል ነው፤ ያልመጣውን ልጅ ቤቱ ድረስ ሄዶ ለሚፈልግ ሰው ግን በዚህ ክፍያ ውስጥ ምንም የለም። ይህ ክፍተት ሳይዘጋ ቁጥሩ ይነሣል ብሎ መጠበቅ ያስቸግራል።

የብሪታንያ ግብር ከፋይ ለኢትዮጵያ ሕጻናት ክትባትም ያዋጣል። በ2000 የተመሠረተው ጋቪ ለድሃ አገሮች ክትባት ይገዛል፤ በጁን 2020 ብሪታንያ ለአምስት ዓመት 1.65 ቢሊዮን ፓውንድ ቃል ገብታለት ነበር። ኢትዮጵያ የጀመረችው የሳንባ ምችና የሮታ ቫይረስ ክትባትም በዚሁ ድጋፍ የመጣ ነው።

ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር ልጆቹን ይዞ ወደ እንግሊዝ የሄደ ቤተሰብ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። በቤተሰብ ሐኪም ለመመዝገብ የመኖሪያ ፈቃድም ሆነ መታወቂያ ማሳየት ግዴታ አይደለም፣ ክትባቱም በነጻ ነው። የልጁን የክትባት ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። ከጠፋ ደግሞ አትሸማቀቁ፤ ነርሷ ልጁን እንዳልተከተበ ቆጥራ አዲስ መርሐ ግብር ታወጣለታለች። በዘጠኝ ወሩ የወሰደው የኩፍኝ ክትባት እዚያ አገር እንደማይቆጠርለትም እወቁ፤ አንድ ዓመት ከሞላው በኋላ ሁለት ጊዜ መከተብ ይኖርበታል።